በሬውን የት ላዙረው?

በአማርኛ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ «…እንዲፈቀድልኝ ስል በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረንም። ከፍርድ ቤትና ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ በጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ከሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች፣ አባቶቻችን በኪሳቸው አጣጥፈው ከሚይዙት ወረቀት ወርሰነዋል። ማመልከቻ ጸሐፊውን ዝቅ፣ ተቀባዩን ከፍ ያደርጋል። ችግርን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም ጉዳዩን ለበላይ አካል ርኅራኄ አሳልፎ ይሰጣል። የራሱ ወግና የራሱ ውበት አለው፤ አልንቀውም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ከዚህ ዘር አይደለም። አንዳንዱ «የዓላማ መግለጫ» ይለዋል፤ አመልካቾች በተለምዶ «ሞቲቬሽን ሌተር» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ የሚጠይቀውም አራት ነገር ነው። ማን ነህ? ምን ማወቅ ትሻለህ? ለምን ከእኛ ዘንድ? ከዚያስ በኋላ? የነጥብ ማስረጃው ያለፈውን ይናገራል፤ የድጋፍ ደብዳቤው ሌሎች ስለ አመልካቹ የሚሉትን ይናገራል። የአመልካቹ የራሱ ድምፅ የሚሰማው በዚህች ወረቀት ላይ ነው። እኛ የምንደናቀፈውም እዚሁ ላይ ነው። ስናድግ «እኔ» ማብዛት ነውር መሆኑን ተምረናልና፣ ስለ ራሳችሁ ጻፉ ስንባል ወይ እንለምናለን፣ ወይ ከሰው የተዋስነውን ፉከራ እንደረድራለን። ይኸው ቋንቋችን ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ከልመናም ከፉከራም የራቀ ንግግር አለ ማለት ነው፤ አስቸጋሪው እርሱን ማግኘቱ ነው።

ጎንደር ውስጥ በማስተማር በኖርሁባቸው ዓመታት ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃን አሞራና ከአዲ አርቃይ የመጡ ወጣቶች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው ይመጡ ነበር። ስለ አንዲቱ ልጽፍ። ስሟን አልጠራም፤ ፈቃዷ እንዲህ ነውና። ከዳባትና ከደባርቅ መካከል በሚገኝ አንድ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበረች። የተወለደችው ደግሞ ከደባርቅ በላይ፣ ከገብስ በቀር ብዙ እህል በማይደፍረው ብርዳም አገር ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብዳቤዋን ይዛ ስትመጣ፣ ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ከፍተኛ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። «በዓለም በታወቀው ዩኒቨርሲቲያችሁ መማር የዘወትር ሕልሜ ነው» ብሎ ይቀጥላል። ታታሪ መሆኗን፣ ከሰው ጋር ተባብራ መሥራት እንደምትወድ ይዘረዝራል። «ትምህርቴን ስጨርስ ወደ አገሬ ተመልሼ ሕዝቤን አገለግላለሁ» ብሎ ያበቃል።

«የዩኒቨርሲቲውን ስም አውጥተን የሌላውን ብናስገባ፣ ያንቺንም ስም አውጥተን የአንዲት የጅማ ወይም የሐዋሳ ልጅ ስም ብናስገባ፣ የሚበላሽ ዓረፍተ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «የለም፣ ጋሼ» አለች።

ውድ አንባቢ፣ የደካማ ደብዳቤ መለኪያው ይኸው ነው፤ ሌላ መለኪያ አላውቅለትም። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲህ ያለውን ልስልስ ጽሑፍ በደቂቃ ውስጥ ስለሚያወጣ፣ ማንም ሊፈርምበት የሚችል ደብዳቤ ከምንጊዜውም ይልቅ ረክሷል። አንባቢው መምህር በጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ወረቀት ውስጥ ስንቱ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ እንደሚጀምር መገመት አያዳግትም።

ወረቀቱን አጣጥፌ አስቀመጥሁና ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር አለ ወይ? አልኋት። ሳቀች። ከዚያ ሳትጽፈው የቀረችውን ነገረችኝ። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ በተረተሩ ላይ እርከን ይሠራል። የማረሻ ጊዜ ሲደርስ ግን አንዳንዱ እርከን ፈርሶ ይገኛል። ያፈረሰውም ጎርፍ ሳይሆን ባለማሳው ራሱ ነው። የምትሞላው ቅጽ የተሠራውን እርከን በኪሎ ሜትር ይጠይቃል፤ ለፈረሰው ግን ቦታ የለውም። እርሷ ግን የፈረሰውን በራሷ ደብተር መመዝገብ ከጀመረች ቆይታለች፤ ሦስት ማሳዎችንም በገመድ እየለካች ትከታተል ነበር።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኋት።

«ይኼማ የገበሬ ወሬ ነው፤ ለፕሮፌሰር ይጻፋል እንዴ?»

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የእኛ ሰው በደጃፉ የሚያየውን ነገር እውቀት ብሎ ለመጥራት ያፍራል፤ ከሩቅ የመጣው ግን ያንኑ አይቶ የዕድሜ ልክ ሥራ ያደርገዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ያያቸውን እንስሳት ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ዋሊያም፣ ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም በሳይንስ መዝገብ የገቡት በእርሱ ብዕር ነው። የቀይ ቀበሮው ሳይንሳዊ ስም «ካኒስ ሲመንሲስ» እስከ ዛሬ የሰሜንን ስም ይዞ ይዞራል። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ ከገብስ ማሳዎቹ ላይ አፈሩ እንዴት እንደሚሸሽ አየ፤ ለካ። ያ ጥያቄ ከተራራው ሲወርድ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውና በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የአፈር መሸርሸርን ለዓመታት የለካው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከስሙ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ዳባትም እንዲሁ ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ይህች ከተማ በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወረዳው የጀመረው የምርምር ማዕከል በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። እንግዲህ በአንድ እናት ደጃፍ ላይ «በዚህ ዓመት ልጅ ወለዳችሁ?» ብሎ መጠየቅ እውቀት ከሆነ፣ «እርከኑን ለምን አፈረሳችሁት?» ብሎ መጠየቅ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ደብዳቤውን እንደገና ጻፈችው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆነ፦ «በጥር የምንሠራውን እርከን በማረሻ ጊዜ የሚያፈርሱት ራሳቸው የሠሩት ገበሬዎች ናቸው፤ እኔም በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ለዚህ በቂ መልስ አላገኘሁም።» ታታሪ ነኝ የሚለው ቃል ወጣ፤ በቦታው ስለ ደብተሩና ስለ ሦስቱ ማሳዎች ተጻፈ። ደብተሩን ያነበበ ሰው ታታሪነቷን ሳይነገረው ያውቀዋልና። ቀጥሎ የጎደላትን ጻፈች። የተሸረሸረን አፈር በትክክል መለካት፣ ከገበሬው ያገኘችውንም ቃል በወጉ መተንተን አትችልም፤ ልትማር የምትሻውም ይህንኑ ነው። ይህ ክፍል ለብዙዎቻችን ይከብደናል፤ አላውቅም ማለት የሚያስንቅ ይመስለናል። ነገር ግን ሁሉን የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል?

ዩኒቨርሲቲው «በዓለም የታወቀ» መሆኑን የሚገልጸውም ቀረ፤ ይህን እነርሱም ያውቁታል። በምትኩ ልትወስደው የምትሻውን ኮርስ፣ ሥራውን ያነበበችለትን መምህር፣ የመምህሩ ጥያቄና የእርሷ ጥያቄ የሚገናኙበትን ቦታ ጻፈች። በሁለተኛ ዓመቷ በስታቲስቲክስ ያገኘችው ዝቅተኛ ውጤት ነበር፤ ልትሸሽገው ፈልጋ ነበር። በትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ የሚገኝን ነገር መሸሸግ አይቻልም፤ ስለዚህ ያለ ሰበብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሳ፣ ከዚያ ወዲህ ራሷን ለማሻሻል ያደረገችውን በሌላ ዓረፍተ ነገር አስከተለች።

ለሚመጡልኝ አመልካቾች ሁሉ የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ። ደብዳቤውን ወደ አማርኛ መልሳችሁ፣ በውስጡ ለተነሡት ሰዎች አንብቡላቸው እላለሁ። የውጭ ቋንቋ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሉት የሚያሳፍር ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እውነት ይመስላል። ልጅቱም ለገና ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ደብዳቤውን ይዛ ሄደች። ማታ እሳት ዳር ለአባቷ አነበበችላቸው።

በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ገበሬዎች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት እርከን ያፈርሳሉ» የሚል ነበረበት። አባቷ አስቆሟት።

«የምን እጥረት ነው እሱ?»

«አለማወቅ ማለት ነው፣ አባባ።»

«ማን አላወቀም? እርከኑ ሲጠብ በሬውን የት ላዙረው? ቀንበር የተጫነ ጥንድ በሬ እንደ ፍየል ድንጋይ ይዘላል? አይጡስ ከድንጋዩ ሥር ተራብቶ ገብሴን ሲጨርስ ማን ይተካልኛል? ይኼን ጻፊላቸው፣ ልጄ።»

ይህን ስትነግረኝ ዐይኗ ያበራ ነበር። ለዓመታት የፈለገችው መልስ፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ኖሯል። ደብዳቤው ከሥር ተለወጠ። ቀድሞ «ገበሬውን እንዴት እናስተምረው?» የሚለው ጥያቄ «ጥንድ በሬ የሚዞርበት፣ አፈሩንም የሚይዝ እርከን ምን ዓይነት ነው?» ወደሚል ተሸጋገረ። የመጀመሪያው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ሁለተኛው ግን የእርሷ ነው፤ ከአባቷም ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ ስለ እርሱ ብዙ ተነጋገርን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ዳርቻ ደርሶ ነበር። በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። እርሷም ከምታውቃቸው ሰዎች የተቀበሩ አሉ። አንድ ወዳጇ «ይህን በሰፊው ጻፊው፤ ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ሲያነብ ልቡ ይራራል፤ ዕድሉን የሚያስገኝልሽ ይኸው ነው» ብሎ መክሯታል። ወዳጇ ክፉ ሰው አይደለም። የማመልከቻው ወግ ችግርን ዘርዝር ይላልና፣ እርሱም የተማረውን መከረ።

እኔ አትጻፊ አላልኋትም። መከራ ያየ ሰው መከራውን የመናገር መብት አለው፤ በሥራው ላይ ያደረሰውንም መናገር አለበት። የጠየቅኋት፣ ዓረፍተ ነገሩ በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልግ ብቻ ነው። ጥቂት ዝም አለችና «ሟቾቹ የእኔ ማስረጃ አይደሉም» አለች። የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «የ2013 ዓ.ም. ክረምት ልኬት በጦርነቱ ምክንያት ስለተቋረጠ መዝገቤ ክፍተት አለበት።» ከዚያ በላይ የሚናገር መስመር ከዚያ ወዲህ አላነበብሁም።

የመጨረሻው ጣጣ «ወደ አገሬ ተመልሼ ሕዝቤን አገለግላለሁ» የሚለው ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር የማይጽፍ አመልካች የለም፤ ሰጪዎቹም ይፈልጉታል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ በአሜሪካው ፉልብራይት የሚሄዱትም የ2 ዓመት የመመለስ ግዴታ አለባቸው። የጀርመኑ ዳአድ ደግሞ ከልማት ጋር ለተያያዙት የትምህርት ዕድሎቹ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሚሻው ሠርቶ ያየውን፣ ተመልሶም የሚሠራውን ነው። የማይመለሰውን ለመውቀስ አልነሣም፤ የሄደ ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን አባቷ ያንን መስመር ሲሰሙ «ሲሄዱ ሁሉም እንዲህ ይላሉ» ብለው ነበር። ልጅቱም ይህ ነገር ከልቧ አልወጣም። «ጋሼ፣ ባልመለስስ? አሁን ምን ብዬ ልማል?» አለችኝ።

መሐላ አያስፈልግም ነበር። «ሕዝቤን አገለግላለሁ» የሚለውን አወጣችውና እንዲህ ተካችው፦ «የመስክ ሥራዬን የምሠራው በሦስቱ ማሳዎች ላይ ነው፤ አንደኛው የአባቴ ነው፤ ልኬቱ በማረሻ ጊዜና በክረምት መሆን ስላለበት በዚያ ወራት በቦታው እገኛለሁ።» ሕዝብ የሚለው ቃል ጠፍቶ አንድ ማሳ መጣ። ሰው ሕዝብን አገለግላለሁ ብሎ ቢዋሽ የሚይዘው የለም፤ በሰኔ እመጣለሁ ብሎ ቢቀር ግን የሚጠብቀው አባት አለ።

ደብዳቤው በጊዜው ተላከ። መልሱ በሚያዝያ መጣ፤ አልተቀበሏትም። ምክንያቱን የሚገልጽ ቃል አልነበረውም፤ እንዲህ ያለው መልስ ብዙውን ጊዜ የለውም። በዚያው በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1855 ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ ቆንስሉን እስከ ማሰር ደረሱ። እኛ የምናስረው ቆንስል የለንም። ያለን፣ ደብዳቤውን አውጥቶ እንደገና ማንበብ ነው። ልጅቱም ይህንኑ አደረገች። ብዙ የምትለውጠው ነገር አላገኘችም፤ ጥያቄው ባለበት ነበር፣ ደብተሩም አንድ ዓመት ተጨምሮለት ነበር።

በሁለተኛው ዙር ያስቸገረው መላኩ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ማመልከቻው የሚቀበለው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ደብዳቤዋን፣ ትራንስክሪፕቷንና ሌላውንም ማስረጃ በፍላሽ ጫነች፤ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድ ዘመድ ይዞላት ሄደ፤ እዚያ ደርሶ አስገባላት። በ2016 ዓ.ም. ጸደይ መግቢያ ላይ ተቀባይነት ማግኘቷ በስልክ ተነገራት። ከሌሎቹ ማመልከቻዎች ለምን ተመረጠች ብትሉኝ፣ መራጮቹ የሚያውቁት ነገር ነው። እኔ የማውቀው ደብዳቤው የተጻፈው ለእነርሱ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ባይቀበሏትም ኖሮ ያንኑ ደብዳቤ ይዛ ሌላ በር ታንኳኳ ነበር፤ በሩ ባይከፈትም ማሳውን መለካቷን አትተውም ነበር።

ለመጻፍ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ በሥራችሁ ወይም በቀያችሁ መልስ ያላገኛችሁለትን አንድ ነገር ፈልጉ። ያደረጋችሁትን ከስሜታችሁ አስቀድሙ፤ የጎደላችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ የምትሄዱበትን ቤት ሥራ አንብባችሁ ሂዱ። ከዚያ በአማርኛ መልሳችሁ ለአባት፣ ለእናት፣ ለጎረቤት አንብቡት። ሲያስቆሟችሁ አትቆጡ፤ ዋናው ቃል ከዚያ ይመጣ ይሆናልና።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ልጅቱ መጣች። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ ከሦስቱ ማሳዎች የደረሰችው ወደ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም የአባቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ የገመዱን ጫፍ ይዞ ቆመ። አባቷ ቀንበሩን ጭነው ከዳር እስከ ዳር አርሰው በሬዎቹን አዞሩ። እርሷም ዝናቡ ሳይጀምር፣ ጥንድ በሬ ለመዞር የሚፈልገውን ስፋት በክንድም በሜትርም ለክታ በደብተሯ ጻፈች።